ኮረኮንች ፍለጋ

በእኛ አገር ኮረኮንች መንገድ የአቤቱታ ርዕስ ነው። ሰፈሩ ይሰበሰባል፣ ኮሚቴ ይመረጣል፣ ገንዘብ ይዋጣል፣ ደብዳቤ ይጻፋል፤ ደብዳቤው ውስጥ «አቧራው ልጆቻችንን በሳል ጨረሰ» የምትል ዓረፍተ ነገር አትጠፋም። አስፋልቱ የገባ ዕለት ባለሥልጣን መጥቶ ሪባን ይቆርጣል፣ ድፎ ዳቦ ይቆረሳል፣ በነጋታው የቤት ኪራይ ይጨምራል። እንዲህ ካለ አገር ተነሥቶ ፈረንሳይ የተቀመጠ ሰው፣ አንድ ጎልማሳ ፈረንሳዊ የሁለት ሺህ ዩሮ ብስክሌቱን ግድግዳ አስደግፎ፣ ካርታ ወለል ላይ ዘርግቶ፣ ተንበርክኮ «አስፋልት የሌለበት መንገድ በየት በኩል ነው?» እያለ ሲፈልግ ቢያይ፣ መጀመሪያ የሚመጣለት ጥያቄ «ይህ ሰው የሚያስታምመው ዘመድ የለውም ወይ?» የሚል ነው።

በሽታው ግን የአንድ ሰው አይደለም። ስፖርቱ ግራቭል ይባላል፤ ብስክሌቱም እንደዚያው። ከሩቅ ሲያዩት መሪው እንደ በግ ቀንድ ወደ ታች የተጠመዘዘ የውድድር ብስክሌት ነው። ቀረብ ሲሉ ጎማው ወፈር ያለ፣ አርባ ሚሊ ሜትር ግድም የሚሰፋ፣ ዳር ዳሩን ጥርስ ያወጣ ሆኖ ይገኛል። አነፋፉም ይለያል። የውድድር ጎማ ድንጋይ እስኪሆን ይነፋል፤ ይሄኛው በአውራ ጣት ሲጫኑት ትንሽ እሺ ማለት አለበት። ጠጠሩን የሚውጥልህ ያ ልስላሴ ነው። ከልክ በላይ የነፋኸው እንደሆነ እያንዳንዱ ጠጠር በእጅህ አንጓ አልፎ፣ በክርንህ ወጥቶ፣ መንጋጋህ ላይ ይደርሳል። ከልክ በታች ካደረግኸው ደግሞ የመጀመሪያው ሹል ድንጋይ ጎማውን ከቸርኬው ጋር አጣብቆ ይበሳዋል። ልኩን ለማግኘት የሚደረገውን ክርክር እዚህ ባልገባበት ይሻላል፤ በዚህ የተነሣ የተኳረፉ ጓደኛሞች አውቃለሁ።

ይህን ሁሉ ለአጎቴ በስልክ ማስረዳት ሌላ ጣጣ ነው። ጋሼ ዕድሜያቸውን በሙሉ ከጎንደር መተማ በኢሱዙ የጭነት መኪና ሲመላለሱ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ወገባቸውን የቀሙት እነዚያ ጠጠሮች ናቸው።

«ጋሼ፣ ቅዳሜ በብስክሌት ወደ ገጠር ልንወጣ ነው።»

«መንገዱ ደኅና ነው?»

«ኮረኮንች ነው።»

«ውይ! አስፋልቱ ተበላሸባቸው?»

«አይ፣ አስፋልቱስ ደኅና ነው። እዚያው ጎኑ አለ። እኛ ኮረኮንቹን መርጠን ነው።»

ለጊዜው መስመሩ የተቋረጠ መሰለኝ።

«ስንት ይከፍሏችኋል?» አሉ በመጨረሻ።

«ኧረ እኛ ነን የምንከፍለው! ለብስክሌቱ፣ ለባቡሩ...»

«አንተ ልጅ፣» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እዚያ አገር ጠበል አለ?»

ጋሼ ያልተረዱት ነገር ፈረንሳይ ውስጥ አስፋልት ብርቅ አለመሆኑን ነው። አገሪቱ ከአንድ ሚሊዮን ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ አላት፤ አምስት ቤትና አንድ ቤተ ክርስቲያን ብቻ ያለው መንደር ሳይቀር ቁጥር የተሰጠው አስፋልት ይደርሰዋል። ጣጣው አስፋልቱ ላይ የሚመጣው ነው። በእነዚህ የገጠር መንገዶች መኪና በሰዓት 80፣ በአንዳንዱ ክፍለ ሀገር ደግሞ 90 ኪሎ ሜትር እንዲነዳ ይፈቀድለታል፤ በ2018 (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጆቹ ነው) ከ90 ወደ 80 ሲወርድበት የገጠሩ ሰው እንዴት እንደተቆጣ ያኔ ፈረንሳይ የነበረ ሁሉ ያስታውሰዋል። ሕጉ በተጨማሪ፣ ከከተማ ውጭ ብስክሌት የሚቀድም መኪና አንድ ሜትር ተኩል ይራቅ ይላል። መልካም ሕግ ነው። ግን አንድ ሜትር ተኩሉን የሚለካው ነጂው ነው፤ ነጂው ደግሞ ብዙ ጊዜ ከምሳ የሚመለስ፣ አሮጌ ነጭ ሲትሮየን ሴ15 የያዘ ገበሬ ነው፤ የእሱ ሜትር አጠር ትላለች። መስተዋቱ ክርንህን ሳይነካ ካለፈ ሕግ አክብሯል። ስለዚህ ፈረንሳዊው ብስክሌተኛ አስፋልት ጠልቶ አይደለም። አስፋልቱን ተቀምቷል፤ የቀረለት ጠጠሩ ነው።

እነዚህን መኪና የማይደርስባቸውን መንገዶች መጀመሪያ ለብስክሌት ብሎ የቀየሳቸው ሰው የለም። አብዛኞቹ የከሸፈ ወይም ዘመን ያለፈበት ትልቅ ዕቅድ ትራፊ ናቸው። የሚኒስትር ኪሳራ ለብስክሌተኛ እንዲህ ትርፍ የሚሆንበት ሌላ አገር መኖሩን እንጃ።

ባቡሩን እንውሰድ። ሻርል ደ ፍሬሲኔ የሚባሉ የሕዝብ ሥራ ሚኒስትር ነበሩ፤ በ1879 በወጣው ሕጋቸው 181 አዳዲስ የባቡር መስመሮችን ዘርዝረው አስጸደቁ። ዓላማው ባቡር ያልደረሰው ገጠር እንዳይኖር ነው። የምክር ቤት አባል ሁሉ ለመረጠው ሕዝብ ጣቢያ ይዞ መመለስ ስለሚፈልግ፣ ሐዲዱ ከተሳፋሪው ላሙ የሚበዛበት መንደር ድረስ ገባ። ከዚያ አውቶቡስ መጣ፤ ከዚያ የቤት መኪና መጣ፤ መስመሮቹም ባለፈው ምዕተ ዓመት አንድ በአንድ ተዘጉ። ሐዲዱ ተነቀለ። የተደለደለው መሬት ግን የት ይሄዳል? የድንጋይ ድልድዩ፣ ዋሻው፣ ግድግዳው ላይ የመንደሩ ስም የተጻፈበት ጣቢያ፣ የማቋረጫው ዘበኛ ይኖርባት የነበረችው ትንሽ ቤት፣ ብዙው ባለበት ቀረ። መኪና የገደለው ባቡር ከመኪና ለሚሸሽ ሰው መጠለያ ሆነ።

ለእኛ ደግሞ ሌላ በረከት አለው። ሎኮሞቲቭ ዳገት አይወድም። መሐንዲሶቹ ለእሱ ሲሉ ኮረብታውን እየዞሩ፣ ጉብታውን እየቆረጡ፣ ሸለቆውን እየሞሉ መንገዱን ገራገር አድርገውታል፤ በዚያ ድካም ዛሬ የሚጠቀመው ቦርጭ ያወጣ የቢሮ ሠራተኛ ነው። በ1997 ቡርጎኝ ውስጥ ከጂቭሪ እስከ ክሉኒ ያለው 44 ኪሎ ሜትር መስመር ለእግረኛና ለብስክሌት ሲከፈት በአገሪቱ የመጀመሪያው «ቯ ቬርት» ሆነ፤ አረንጓዴ መንገድ ማለታቸው ነው። በ2004 ነገሩ የትራፊክ ሕግ ውስጥ ገባ። ምልክቱ ሰማያዊ ሰሌዳ ነው፤ እግረኛና ብስክሌተኛ ተስለውበታል። መኪና የለም።

አብረውኝ የሚወጡት ጎረቤቴ ሙሴ (ስማቸው አይደለም፤ እኔ ነኝ እንደ ድሮ አዲስ አበባ ሰው ሙሴ የምላቸው) ይህን መንገድ ይንቁታል። ሙሴ ጡረታ የወጡ ፖስተኛ ናቸው፤ ከስሳ ዓመት በላይ ሆኗቸው ዳገት ላይ ጥለውኝ የሚሄዱ። ጂቭሪ–ክሉኒ አስፋልት ነው፤ የሕፃን ጋሪ የሚገፉ እናቶችና በሮለር የሚንሸራተቱ ልጆች ይበዙበታል። «ይሄ መንገድ አይደለም፣ ሳሎን ነው» ይላሉ። ሙሴን ቡርጎኝ ውስጥ የሚያስደስታቸው ከክሉኒ ወደ ማኮን ሲኬድ የሚገኘው የቧ ክሌር ዋሻ ብቻ ነው። አንድ ኪሎ ሜትር ከስድስት መቶ ሜትር የሚሆን የባቡር ዋሻ ነው፤ በነሐሴ ሐሩር ላብ በላብ ሆነህ ትገባና ጥርስህ እየተንቀጫቀጨ ትወጣለህ። ክረምት ላይ ግን ይዘጋል። ምክንያቱ ጥገና አይደለም፤ የሌሊት ወፎች ውስጡ ስለሚተኙ ነው። እነሱ እንቅልፋቸውን እስኪጨርሱ ሰው ዋሻውን ትቶ ከላይ ያለውን ዳገት ይወጣል። ይህን ደግሞ ለጋሼ ጨርሶ አልነገርኳቸውም።

ሙሴ ከልባቸው የሚወዱት ወደ ደቡብ የሚገኘውን ፓሳ ፓይስን ነው። ከማዛሜ እስከ ቤዳርዩ፣ በኦ ላንግዶክ ተራሮች ሥር፣ ሰማንያ ኪሎ ሜትር ግድም ይሄዳል፤ አብዛኛው የተጠቀጠቀ ጠጠር ነው። ማዛሜ በደጉ ዘመኗ የበግ ቆዳ ከአርጀንቲናና ከአውስትራሊያ ድረስ እያስመጣች ጠጉሩን ከቆዳው የምትለይ ከተማ ነበረች፤ ዓለም የሚያውቃት በዚህ ነበር። ዛሬ በዚያው መስመር ላይ የሚያልፈው ብስክሌተኛ፣ በላብ የራሰ የሱፍ ሸሚዙን እያሸተተ፣ ከተማዋ ሥራዋን እንዳልተወች ሊጠረጥር ይችላል።

የከሸፈ ዕቅድ ከተባለ ግን ናፖሊዮንን የሚያህል የለም። የእንግሊዝ መርከቦች የብሪታኒን (የምዕራብ ፈረንሳይ ክፍለ ሀገር ናት) ባሕር ዘግተው ከናንት ወደ ብሬስት የጦር ወደብ ዕቃ ማሳለፍ አልተቻለም። ናፖሊዮንም በባሕር ካልሆነ በመሬት ነው ብሎ፣ ብሪታኒን ከዳር እስከ ዳር የሚያቋርጥ የጀልባ ቦይ እንዲቆፈር አዘዘ፤ በ1811 ተጀመረ። ርዝመቱ 364 ኪሎ ሜትር ነው። ግሎሜል ላይ ኮረብታውን ለመሰንጠቅ እስረኞች ዓመታት ፈጁ። በ1842 ሲከፈት ናፖሊዮን ሞቷል፣ ከእንግሊዝ ጋር ያለው ጦርነት አብቅቷል፣ ባቡር ደግሞ እየመጣ ነበር። በ1930 የገርሌዳን ግድብ ሲያልቅ ቦዩ ለሁለት ተቆረጠ። የቀረው ጀልባ የሚጎትቱ ፈረሶች ይሄዱበት የነበረው ጠፍጣፋ መንገድ ነው። ከእንግሊዝ የሚሸሽበት ሆኖ የተቆፈረው ቦይ ዛሬ በበጋ እንግሊዛውያን በብስክሌት ይመላለሱበታል፤ ሙሴ ይህን የታሪክ ቀልድ እስካሁን ይቅር አላሉም።

በደቡብ ያለው ሌላው ቦይ፣ ካናል ዱ ሚዲ፣ ግን ከሽፏል ማለት ይከብዳል፤ ሁለት መቶ ዓመት ያህል ሠርቶ ነው የተሸነፈው። ፒየር ፖል ሪኬ የጨው ግብር ሰብሳቢ ነበር። ሕዝቡን በጨው ካስመረረ በኋላ ቱሉዝን ከሜዲትራኒያን የሚያገናኝ 240 ኪሎ ሜትር ቦይ ላስቆፍር ብሎ ተነሣ፤ በ1666 ተጀምሮ በ1681 ተከፈተ። ሴቶች ጭምር ያሉበት አሥራ ሁለት ሺህ ያህል ሠራተኛ ቆፍሮታል። ሪኬ ሀብቱን ጨርሶበት፣ ዕዳ ውስጥ ገብቶበት፣ ሊመረቅ ጥቂት ወራት ሲቀሩት በ1680 ሞተ። ጀልባ ከፍና ዝቅ በሚልባቸው የውሃ በሮች አጠገብ የዘበኛው ቤት አለ፤ ግድግዳው ላይ ቀጣዩ በር በላይም በታችም ስንት ሜትር እንደሚርቅ የሚናገር ሰሌዳ ተለጥፏል። ለደከመው ሰው ከዚያ ሰሌዳ የበለጠ ሐቀኛ ጓደኛ የለም፤ አያባብልም፣ አያስፈራራም።

ከቱሉዝ ሲወጡ መንገዱ አስፋልት ነው። የክፍለ ሀገሩ ወሰን ሲያልቅ አስፋልቱም ያልቃል፤ ያኔ የፕላታን ዛፍ ሥሮች ይቀበሉሃል። ሥሩ መንገዱን በአግድሞሽ ያቋርጣል፣ አንዱ የክንድ ያህል፣ ሌላው የጭን ያህል ወፍሮ፤ ከሱ ቀጥሎ ውሃ ያቆረ ጉድጓድ፤ ከሱ ቀጥሎ ሌላ ሥር። በግራህ ቦዩ፣ በቀኝህ ቁጥቋጦ። ኮርቻው ላይ እቀመጣለሁ ያለ ሰው ማታ በሆዱ ይተኛል። ስለዚህ ፔዳሉ ላይ ቆመህ፣ ጉልበትህን አጠፍ አድርገህ፣ መሪውን ጨብጠህ ሳይሆን ያዝ አድርገህ፣ ብስክሌቱን ከሥርህ ዘለል ዘለል እንዲል ትለቀዋለህ። እነዚያ ዛፎች አርባ ሁለት ሺህ ያህል ነበሩ፤ በ2006 የቦዩ ዳር ላይ የታየ የፈንገስ በሽታ ገብቶባቸው በሺዎች እየተቆረጡ ሌላ ዓይነት ዛፍ እየተተካ ነው። በሽታው ወደ ፈረንሳይ የገባው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከአሜሪካ ወታደሮች የጥይት ሣጥን እንጨት ጋር ነው ይባላል። ሥሩን እየረገምክ ከነዳህ በኋላ የተቆረጠበት ቦታ ላይ ስትደርስ፣ ጠራራው ፀሐይ አናትህን ሲመታህ፣ እርግማንህን ትመልሳለህ።

ከሁሉም ሰፊው ግን የእርሻ መንገዱ ነው። ነጭ መንገድ ይሉታል፤ በተለይ ሻምፓኝ ውስጥ አፈሩ ኖራማ ስለሆነ ከሩቅ ያበራል። በ2024 ቱር ደ ፍራንስ ዘጠነኛውን ቀን ትሯ ከተማ ዙሪያ በወይን እርሻዎች መካከል በእነዚህ መንገዶች አሳለፈው፤ አሥራ አራት ክፍል፣ በድምሩ 32 ኪሎ ሜትር ጠጠር፤ ያሸነፈው ፈረንሳዊው አንቶኒ ቱርጂስ ነው። በዋዜማው ኮሎምቤይ ላይ የኤርትራው ቢንያም ግርማይ ስላሸነፈ፣ ጋሼም እንደ ሌላው የሐበሻ ልጅ ሁሉ ቴሌቪዥኑ ሥር ነበሩ። አረንጓዴውን ማሊያ የለበሰ ቢንያም ነጭ አቧራ ውስጥ ሲገባ ባዩ ጊዜ ደወሉልኝ። «እነዚህም ኮረኮንች ይወዳሉ ማለት ነው?» አሉ። «በዓለም ትልቁ ውድድር ነው፣ ጋሼ።» ትንሽ አሰብ አደረጉና «እንግዲያው እኛ ሻምፒዮን የማንሆነው ለምንድን ነው?» አሉ። ጥያቄው ቀላል አይደለም። ጽጋቡ ግርማይ በ2016 ቱር ደ ፍራንስን የነዳ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ መሆኑን ነግሬያቸው ብቻ አለፍኩት።

በብሪታኒ ደግሞ ትሮ ብሮ ሌዮን የሚባል ውድድር አለ። በ1984 የብሬቶን ቋንቋ ትምህርት ቤቶችን ለመርዳት የተጀመረ ነው፤ ባለሙያ ጋላቢዎች በገበሬው ጓሮ፣ በጭቃው፣ በእርሻው ዳር ይገባሉ። ቀድሞ ለሚገባው የአካባቢው ተወላጅ የሚሰጠው ሽልማት በሕይወት ያለ የአሳማ ግልገል ነው። ሐበሻ ሆነን መወለዳችን ከዚህ ሽልማት አትርፎናል፤ አቅፎ ፎቶ መነሣቱስ ይሁን፣ ለእናት እንዴት ይነገራል?

እርሻ መንገድ ፍለጋ ሲባል ሙሴ ስልክ አያምኑም። የሚያምኑት የአገሪቱን የካርታ ድርጅት ሰማያዊ ካርታ ነው፤ አንድ ሳንቲ ሜትሩ ሁለት መቶ ሃምሳ ሜትር የሆነውን። እዚያ ላይ የእርሻ መንገድ በስስ መስመር፣ አንዳንዴም በተቆራረጠ መስመር ይታያል። የቀበሌ መንገድ የማዘጋጃ ቤቱ ንብረት ነው፤ ማንም እንዲያልፍበት የተተወ ነው። ችግሩ ማዘጋጃ ቤቱ ሲረሳው ጎረቤቱ ገበሬ አለመርሳቱ ነው፤ በየዓመቱ ማረሻው ወደ መንገዱ አንድ አንድ ፈር ይገባል። ካርታው ላይ መንገድ፣ መሬቱ ላይ ስንዴ። አንዴ እንዲህ ያለ ስንዴ ዳር ቆመን ሙሴ ካርታውን ሲያገላብጡ ባለቤቱ በትራክተር መጣ። ጠብ ይነሣል ብዬ ብስክሌቴን ወደ ኋላ አዞርኩ። ሙሴ «ቦንዡር» አሉ። ገበሬው ሞተሩን አጠፋና «ቦንዡር» አለ። ከዚያ ስለ ዝናቡ ተወራ፤ ስለ ባለፈው ዓመት ዝናብ ተወራ፤ ስለ መጪው ዝናብ ተወራ። ስለ መንገዱ አንድም ቃል አልተነሣም። በመጨረሻ ገበሬው ሞተሩን እያስነሣ፣ ወዲያ ማዶ ያለውን የእንጨት በር በአገጩ አሳየንና «ጊደሮቹ እንዳይወጡብኝ ከኋላችሁ ዝጉት» ብሎ ሄደ። በሰላምታ የማይከፈት በር ፈረንሳይ ገጠር ውስጥ አላየሁም፤ ያለ ሰላምታ የሚከፈትም እንደዚያው። ከተማ ውስጥ ሊፍት ላይ የማያየኝ ሕዝብ እዚህ ከአጥሩ ማዶ ሆኖ ቀድሞ ሰላም ይለኛል።

አሁን ወደ ሆድ ጉዳይ እንምጣ። ፈረንሳይ ባጌቷን በ2022 ዩኔስኮ አስመዝግባለች፤ መቼ እንደሚሸጥ ግን ዩኔስኮም አያውቅም። የገጠር ዳቦ ቤት በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ ስድስት ሰዓት እስከ ስምንት ይዘጋል፤ ብስክሌተኛ የሚርበው በዚያው ሰዓት ነው። ሰኞም ብዙውን ጊዜ ዝግ ነው። መንደሩ ዳቦ ቤቱን ካጣ ደግሞ አደባባዩ ላይ ሳንቲም የሚበላ የዳቦ ማሽን ይቆምለታል፤ ብርጭቆው ውስጥ አንድ ባጌት ብቻዋን ቆማ ታይሃለች። የምትተፋው ትኩስ አይደለም፤ ግን ስድሳኛው ኪሎ ሜትር ላይ ማን ትኩስ ጠየቀ።

ውሃው ይብሳል። ካፌው ተዘግቷል፣ ምንጩ ደርቋል፣ ሰው ምሳ ላይ ነው። ልምድ ያለው ብስክሌተኛ ያኔ የሚሄደው ወደ መካነ መቃብር ነው። ለአበባ ማጠጫ ተብሎ በሩ አጠገብ ቧንቧ አለ። ሙሴ መጀመሪያ «የማይጠጣ» የሚል ጽሑፍ አለመኖሩን ያያሉ፤ ከሌለ ጠርሙሳቸውን ይሞላሉ። እኔ ባልጠጣው ደስ ባለኝ፤ ነገር ግን ጥማት ሥነ መለኮት አያውቅም። ስለዚህ በሩ ላይ አማትቤ፣ ኮፍያዬን አውልቄ፣ ለባለቤቶቹ ነፍስ ይማር ብዬ ነው የምቀዳው። ሙሴ ሃይማኖት የላቸውም። ያም ሆኖ እኔን ካዩ ወዲህ እሳቸውም የራስ ቁራቸውን ማውለቅ ጀምረዋል።

ውሻ ሲመጣብህ ምን ታደርጋለህ? አገር ቤት ያደገ ሰው መልሱን ከእናቱ ጡት ጋር ጠብቶታል፤ ድንጋይ የምታነሣ መስለህ ጎንበስ ማለት ነው፤ ድንጋይ ባይኖርም ውሻው ይሄዳል። ቬርኮር ተራራ ላይ ግን ይህ አይሠራም። እዚያ በጎቹን ከተኩላ የሚጠብቀው ፓቱ የሚባል ነጭ ውሻ ነው፤ ከበጎቹ ጋር ያደገ፣ ክብደቱ የእኔን የሚጠጋ። መንጋው ባለበት መንገድ ሁሉ ማስጠንቀቂያ ተለጥፏል፦ ከብስክሌት ውረዱ፣ በእግር ሂዱ፣ ብስክሌቱን በመሃል አድርጉ፣ አትጩኹ፣ ዱላ አታንሡ። ውሻው ቀርቦ አሽትቶህ፣ ተኩላ አለመሆንህን አጣርቶ ይመለሳል። እስኪያጣራ ድረስ ያለው ጊዜ ረጅም ነው።

ከመስከረም እስከ የካቲት መጨረሻ ደግሞ የአዳኞች ወራት ነው፤ በተለይ እሑድ። «አደን ላይ ነን» የሚል ሰሌዳ ካየህ ብርቱካንማ ልብስ ይኑርህ፤ ጫካው ውስጥ እየዘፈንክ ብትሄድም ነውር የለበትም። መኪናን ሸሽቶ ጥይት ጋር መገናኘት ሲሳሳቁ የሚወራ ብቻ አይደለም፤ በዚህ ጉዳይ ሙሴም እኔም አንቀልድም፤ እሑድ ጠዋት ጫካውን ትተን ቦይ ዳር እንሄዳለን።

አንድ የሚያናድደኝ ነገር አለ። ይህ ከመኪና መሸሻ የነበረው ነገር ቀስ በቀስ ውድድር እየሆነ ነው። ጋላቢው ሰዓቱን እያየ፣ የልቡን ምት እየቆጠረ፣ ሌላው ሰው ትናንት እዚህ ዳገት ላይ ስንት ደቂቃ ፈጀ እያለ ያልፋል፤ ላሚቱን አያይም፣ ቦንዡርም አይልም። ሴንት ኤትየን ውስጥ ፖል ደ ቪቪ የሚባል ሰው ነበር፤ በብዕር ስሙ ቬሎስዮ ይባላል፤ በ1930 ነው የሞተው። ማርሽ መቀያየር ለሰው ጉልበት ይጠቅማል ብሎ ሲሰብክ የቱር ደ ፍራንስ አዘጋጅ ሄንሪ ዴግራንዥ አልቀበልም ስላለ፣ ማርሽ መቀየሪያ ውድድሩ ውስጥ የተፈቀደው በ1937 ነው። ቬሎስዮ ለጋላቢዎች ከሰጣቸው ምክሮች አንዱ ለእዩልኝ ብላችሁ ፔዳል አትምቱ የሚል ነው። ማርሹን ሁሉም ተቀብሎታል። ምክሩን ግን የተቀበለ ጥቂት ነው።

ፈረንሳዮች እኛም አገር ሐዲድ ሠርተዋል። ከጅቡቲ የተነሣው መስመር በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ገባ፤ የሐዲዱ ስፋት ልክ እንደ ብዙ የፈረንሳይ ገጠር መስመሮች አንድ ሜትር ነበር። በ2016 አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ሲመረቅ የድሮው አብዛኛው ሥራ ፈትቶ ነበር። እኔም በፈረንሳይ ያየሁት ልቤን ሞልቶት ለጋሼ አንድ ቀን ሐሳብ አቀረብኩ፤ ከአሮጌው መስመር ጥቂቱ፣ ቢያንስ ወደ አዳማ በኩል ያለው፣ ለእግረኛና ለብስክሌት ቢሆን፤ መኪና የማይገባበት፣ ሰው፣ ከብት፣ ተማሪ የሚሄድበት።

«አሁንስ ማን እየሄደበት ነው?» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። ገበያተኛው፣ ተማሪው፣ አህያው ሐዲድ ሐዲዱን ይዞ መሄድ የጀመረው ዛሬ አይደለም። ከፈረንሳይ የሚጎድለን ሰማያዊው ሰሌዳ ብቻ ነው።

አውሮፓ የምትኖሩና ልትሞክሩት ያሰባችሁ ካላችሁ፣ ለጀማሪ ሙሴ የሚንቁት ጂቭሪ–ክሉኒ በቂ ነው። የክፍለ ሀገሩ ባቡር ብስክሌት ይጭናል፤ ሻሎን ላይ ወርዳችሁ ጂቭሪ ቅርብ ነው። ወፈር ያለ ጎማ፣ ሁለት ጠርሙስ ውሃ፣ ከክሉኒ ወደ ማኮን ከቀጠላችሁ ደግሞ በበጋም ቢሆን ለዋሻው የሚሆን ጃኬት ያዙ። ለሚያገኛችሁ ሁሉ ሰላምታ አትንፈጉ፤ የከፈታችሁትን በር ዝጉ። ሰኞ ግን አትሂዱ። ሰኞ ዳቦ ቤቱ ዝግ ነው።